የቆዳ አገር የቀበቶ ገበያ፤ ዕቃ የሚሸከም ቀበቶ እንዴት ይመረጣል?

መርካቶ ውስጥ ቀበቶ የማይሸጥበት መንገድ ማግኘት ያስቸግራል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ተጠቅልሎ፣ በአዟሪ ትከሻ ላይ እንደ ጅራፍ ተንጠልጥሎ፣ አስፋልት ዳር በተነጠፈ ላስቲክ ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። ዋጋው ከሻጭ ሻጭ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሲለያይ፣ በዓይን የሚታየው ልዩነት ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሁሉም ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፤ ሁሉም ያብለጨልጫል፤ ሻጩ ከተጠየቀም ሁሉም «ኦሪጅናል ቆዳ» ነው።

ቀበቶውን ሱሪ ከመያዝ ላለፈ ሥራ ለማይፈልገው ሰው ነገሩ ያን ያህል አያሳስብም። ሆኖም ከጠዋት እስከ ማታ በእግሩ የሚዞረው ደላላ ሁለት ስልክና የቁልፍ ዘለላ በወገቡ ይዟል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ቴስተር፣ የመጋዘን ተቆጣጣሪው ሜትርና የእጅ ባትሪ፣ የጥበቃ ሠራተኛው ዱላና የመገናኛ ሬዲዮ ይሸከማሉ። ለእነዚህ ሰዎች ቀበቶ ልብስ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላው የሚላጥና የሚጣመም ቀበቶ የሚያስከትልባቸው ወጪም በቀበቶው ዋጋ ብቻ የሚለካ አይደለም፤ ከመሰላል ላይ የወደቀው ቴስተር ወይም በግርግር መካከል ከወገብ ተንሸራቶ የጠፋው ስልክ አብሮ ይታሰባል።

በወገብ ዕቃ መያዝ ለአገሬው አዲስ ነገር አይደለም። ባላገሩ ጥይቱን የሚደረድርበት ዝናር ከወፍራም ቆዳ የሚሠራው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የጥይቱ ክብደት በወገብ ዙሪያ እኩል እንዲበተንና ማቀፊያው እንዳይታጠፍ ነው። የገበያ ሴቶችም ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ሲይዙ ቋጠሮው ከገላቸው አይርቅም። የዛሬው ቀበቶ ግን የሁለቱም ዕድል የለውም። ጭነቱ በአንድ ወገን ብቻ ይንጠለጠላል፤ ከሰውነትም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ ይወጣል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ውፍረቱ እጥፍ፣ ጥንካሬው ስምንት እጥፍ

አንድ ዘመናዊ ስልክ በአማካይ ወደ 200 ግራም ይመዝናል። በባለሙያዎች ወገብ ላይ የሚታየው ባለብዙ ሥራ ፒንሳም ከዚህ አያንስም፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው ሌዘርማን ኩባንያ የሚያመርተው «ዌቭ» የተባለው ሞዴል ወደ 240 ግራም ነው። (የኩባንያው ስም ከቆዳ ጋር የተያያዘ ቢመስልም፣ የፈልሳፊው የቲም ሌዘርማን የቤተሰብ ስም ነው።) ቁልፍ፣ የእጅ ባትሪና ማቀፊያ ቦርሳዎቹ ሲጨመሩ ድምሩ ወደ ኪሎ ይጠጋል።

አንድ ኪሎ በእጅ ሲያዝ ቀላል ነው። ከቀበቶ ላይ ሲንጠለጠል ግን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ውጪም ይስባል። ለስላሳ ቀበቶ ከሆነ የላይኛው ጠርዙ ከወገብ ይላቀቅና ወደ ውጪ ይገለበጣል፤ የታችኛው ጠርዙ አጥንት ላይ ያርፋል። ሰውየው ቀበቶውን ያጠብቃል፤ ቀበቶው የባሰ ይጎብጣል። ብዙ ሰው ቀበቶው «ላልቷል» ብሎ ተጨማሪ ቀዳዳ የሚያስበሳው በዚህ ጊዜ ነው። በእውነቱ ግን የጎደለው ቀዳዳ ሳይሆን ግትርነት ነው።

ይህን ለመረዳት ከሜካኒክስ አንድ ሕግ መዋስ ይበቃል። የአንድ ጠፍጣፋ ነገር መታጠፍን የመቋቋም አቅም የሚያድገው በውፍረቱ ኩብ ነው። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቆዳ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ውፍረቱ በእጥፍ ቢጨምርም፣ ግትርነቱ የሚያድገው በስምንት እጥፍ ነው። ስለዚህ በገበያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የምታክል የውፍረት ልዩነት የዋጋ ልዩነት ብታመጣ ነጋዴው ሕዝብ እያታለለ ነው ማለት አይደለም።

ከዚሁ ሕግ ሌላም ቁም ነገር ይወጣል። ሁለት ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቆዳዎች ተደራርበው በደንብ ከተጣበቁና ከተሰፉ እንደ አንድ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ቆዳ ይሠራሉ፤ ግትርነታቸውም ስምንት እጥፍ ይሆናል። ማስቲሹ ደካማ ሆኖ ሁለቱ ቆዳዎች አንዱ በሌላው ላይ የሚንሸራተቱ ከሆነ ግን የሚገኘው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። በመሆኑም ድርብ ቀበቶ የሚገዛ ሰው ቀበቶውን በሁለት እጁ አጥፎ ጠርዙን ማየት ይኖርበታል። ንብርብሮቹ አፋቸውን ከከፈቱ የከፈለው ለስምንት፣ ያገኘው ግን ሁለት ነው።

ስፋትም የራሱ ድርሻ አለው። ለሥራ ቀበቶ የተለመደው ልክ 3.8 ሴንቲ ሜትር ወይም አንድ ኢንች ተኩል ነው፤ አብዛኛው የጂንስ ሱሪ ማስገቢያም ይህን ያሳልፋል። ከሙሉ ልብስ ጋር የሚታሰረው ከ3 እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ቀጭን ቀበቶ ቢሮ ለሚውል ሰው እንጂ ዕቃ ለሚሸከም አልተሰፋም። ርዝመት ሲመረጥ ደግሞ ከሱሪው ልክ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል መጨመር የተለመደ ሲሆን፣ ዕቃውን ከሱሪው ውስጥ አስገብቶ የሚይዝ ሰው ከዚህም በላይ ያስፈልገዋል። የቀበቶ ርዝመት የሚለካው ከዘለበቱ ምላስ ሥር አንስቶ እስከ መካከለኛው ቀዳዳ ድረስ ነው እንጂ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይደለም።

«ኦሪጅናል» ማለት ምን ማለት ነው?

የቀንድ ከብት ቆዳ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም። ጠጉሩ የነበረበት የላይኛው ክፍል ጭረቱ ጠባብና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ እጅግ ጠንካራ ነው። ወደ ሥጋው በተጠጋ ቁጥር ጭረቱ ይላላል። ፋብሪካዎች ወፍራሙን ቆዳ በማሽን ለሁለት ሲሰነጥቁት የላይኛው ክፍል ውድ፣ የታችኛው «ስፕሊት» የሚባለው ደግሞ ርካሽ ሆኖ ይወጣል። የላይኛው ገጽ ሳይፋቅ እንዳለ ሲቀር «ፉል ግሬን» ይሰኛል። ጠባሳውን ለመደበቅ በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ፣ ቀለም ተቀብቶና ሰው ሠራሽ ቅርጽ ታትሞበት የሚወጣው «ኮሬክትድ» ሲሆን፣ ለቀበቶ መጥፎ ባይሆንም ከመጀመሪያው ያንሳል።

ከሁሉም በታች ያለው «ቦንድድ» የሚባለው ነው። ይህ የቆዳ ፋብሪካ ቁርጥራጭና ብናኝ ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተለውሶና በጨርቅ ላይ ተጋግሮ ከላይ በፕላስቲክ የሚለበጥ ነው። ቆዳ አለበት ከተባለ አለበት፤ የእንጨት ብናኝ ተጨፍልቆ የሚሠራው ቺፕውድም እንጨት አለበት። ጭነት በሌለበት ቀበቶ ላይ ጥቂት ወራት ያገለግል ይሆናል። ዕቃ ሲንጠለጠልበት ግን በመጀመሪያ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎም ልባጡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል።

እዚህ ላይ ገዢው ከታመነ ልማድ መጠንቀቅ ይኖርበታል። ሽታ ማስረጃ አይሆንም፤ የቆዳ ሽታ በፋብሪካ ይጨመራል። «ጀንዊን ሌዘር» የሚለው ማኅተምም ቀበቶው ከአንድ ዓይነት ቆዳ የተሠራ ነው ከማለት አያልፍም፤ ስፕሊትም ቆዳ ነው። ክብሪት ጭሮ ማቃጠል፣ ጠጉር ጠጉር ከሸተተ ቆዳ፣ ተንጠባጥቦ ከተቋጠረ ፕላስቲክ ነው የሚለው ፈተና እውነትነት አለው። ነገር ግን የላይኛው ቀለም ራሱ ፕላስቲክ ሊሆን ስለሚችል ያሳስታል፤ ሻጩም አይፈቅድም።

የተሻለውና ወጪ የማያስወጣው ዘዴ ቀዳዳዎቹን መመልከት ነው። ጠርዙ በቀለም ቢደፈንም የቀዳዳው ውስጥ ብዙውን ጊዜ አይቀባም፤ በመሆኑም የቀበቶው ሆድ ዕቃ በአምስት ቦታ ተከፍቶ ይገኛል ማለት ነው። በስልክ መብራት ሲታይ እውነተኛው ቆዳ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ ጭረት ያሳያል። ልባጡ ካርቶን የመሰለ ግራጫ ነገር፣ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ያሳያል። ዘለበቱ በብሎን የተያዘ ከሆነ ደግሞ ብሎኑን ፈትቶ የተቆረጠውን ጫፍ ማየት ነው። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ስለ ማልፋት ዘዴው በአጭሩ ይህን ማለት ይቻላል። በዓለም ከሚለፋው ቆዳ አብዛኛው የሚለፋው በክሮም ጨው ነው፤ ፈጣን ነው፣ ለስላሳና ውኃ የሚቋቋም ቆዳ ይሰጣል፣ ለጫማ ፊትና ለጃኬት ይስማማል። በዕፅዋት ቅርፊት የሚለፋው ሳምንታት የሚፈጅ ቢሆንም ቆዳው ግትርና የሰውየውን ወገብ ቅርጽ የሚይዝ ስለሚሆን ለቀበቶ ይመረጣል። ልዩነቱ ያልተቀባ ቁርጥ ላይ ይታያል፤ የክሮሙ መሐሉ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ሲሆን፣ የቅርፊቱ ቡናማ ነው። ጨርሶ ያልለፋው ጠፍር፣ አልጋ የሚጠለፍበትና ቀንበር የሚታሰርበት፣ ሲደርቅ ከሁሉም ይጠነክራል፤ ላብና ዝናብ ሲነካው ግን ይልሞሰሞሳል፣ ይበሰብሳልም። ለዚህ ነው ጠፍር ወገብ ላይ የማይወጣው።

ዘለበቱና ስፌቱ

ጥሩ ቆዳ በመጥፎ ዘለበት ይሞታል። በገበያው የሚበዛው ዘለበት ከዚንክ ቅይጥ በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የተሠራና በኒኬል የተለበጠ ነው። ያብለጨልጫል፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው፤ የሚሰበረውም ምላሱ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ብረትና ነሐስ ግን ይጣመማሉ እንጂ በድንገት አይሰበሩም። ማግኔት የሚለየው ብረቱን ብቻ ነው፤ ዚንክንም ነሐስንም አይስብም። ሁለቱን ለመለየት በጀርባው በኩል በቁልፍ ጫፍ ትንሽ መጫር ያስፈልጋል። ቢጫ ከወጣ ነሐስ፣ ግራጫ ከወጣ የዚንክ ቅይጥ ነው።

ቀዳዳ የሌለው፣ በጀርባው ጥርስ ያለውና በተለምዶ «አውቶማቲክ» የሚባለው ቀበቶ ልክን በትንሽ በትንሹ ለማስተካከል ስለሚያስችል ዕቃ ለሚሸከም ሰው በሐሳብ ደረጃ ተስማሚ ነው። ድክመቱ ጥርሶቹ ከፕላስቲክ መሠራታቸውና መያዣው በአንዲት ቀጭን ሽቦ መወጠሩ ነው። ጥርሱ ከተበላ ሊስትሮ የሚያድነው ነገር አይደለም።

ሊስትሮ ከተነሳ፣ ቀዳዳ የማስጨመር ጉዳይም መነሳት አለበት። በወስፌ ወይም በምስማር የተበሳ ቀዳዳ ቆዳውን ገፍቶ የሚከፍት በመሆኑ ጭነት ሲበዛበት እየተቀደደ ይሄዳል። ክብ አፍ ባለው መብሻ የተበሳው ግን ቁራጩን አውጥቶ ስለሚጥለው ጠርዙ ክብ ሆኖ ይቆያል። ለሁለተኛው የሚጠየቀው ጥቂት ተጨማሪ ብር ተገቢ ዋጋ ነው። ስፌቱም እንዲሁ ነው። እጅግ የተጠጋጋ ስፌት የጥራት ምልክት ይመስላል እንጂ ቆዳውን እንደ ቴምብር ወረቀት ስለሚበሳሳው በዚያው መስመር እንዲቀደድ ያመቻቻል። ወፈር ባለ የናይለን ክር፣ ራቅ ራቅ ብሎ የተሰፋ ይሻላል።

ቆዳ ብቻ መፍትሔ ነው ማለትም አይደለም። የናይለን ቀበቶ ላብና ዝናብ አያበሰብሰውም፤ ዋጋውም በአብዛኛው ያንሳል። አንድ ንብርብር የሆነው እንደ ሪባን ስለሚጠቀለል ለጭነት አይሆንም፤ በድርብ ተደርቦ በአራትና አምስት መስመር የተሰፋው ግን ከብዙ የቆዳ ቀበቶ ይበልጣል። ለብየዳ ሠራተኛ አይመከርም፤ የብየዳ ፍንጣሪ ያቀልጠዋል። በአንጻሩ የፕላስቲክ ዘለበት ያለው ናይለን ሽቦ መሐል ለሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከብረት ዘለበት የተሻለ ምርጫ ነው።

ቆዳ ሞልቶ ቀበቶ ለምን ጠፋ?

ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ታዲያ ወፍራም፣ ጠባሳ የሌለበት የቀበቶ ቆዳ በአገር ውስጥ እንደ ልብ የማይገኘው ለምንድን ነው? የአገሪቱ ቆዳ በዓለም ገበያ ስም ያተረፈው በውፍረቱ ሳይሆን በቅጥነቱ ነው። የደጋው በግ ቆዳ ለእጅ ጓንት፣ የባቲ ፍየል ቆዳ ለሱዊድ የታወቁት ቀጭንና ጠንካራ በመሆናቸው ነው። ለቀበቶ የሚሆነው የበሬና የላም ቆዳ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። በሬው በሕይወት ሳለ ቀንበር አንገቱን፣ እሾህ ጎኑን፣ መዥገር ሆዱን፣ የጋለ ብረት ታፋውን፣ ጅራፍ ጀርባውን ሲያቆስለው ኖሯል። ከታረደ በኋላ የገፋፊው ቢላ የራሱን ይጨምራል።

ለጫማ ይህ ያን ያህል አይጎዳም፤ ጫማ ከትናንሽ ቁራጮች ስለሚሰፋ ጠባሳውን ዘሎ መቁረጥ ይቻላል። ቀበቶ ግን 120 ሴንቲ ሜትር ያልተቋረጠ ንጹሕ ቆዳ ይፈልጋል፤ ያውም ከጀርባው መስመር፣ ምክንያቱም የሆድ ቆዳ ይለጠጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 4 ሴንቲ ሜትር በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀበቶ 480 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከግማሽ ስኩዌር ፊት ትንሽ የሚበልጥ ቆዳ ይወስዳል። ባለ 20 ስኩዌር ፊት ቆዳ በወረቀት ላይ ወደ 38 ቀበቶ ይወጣዋል። ሆዱ፣ አንገቱና እግሩ ግማሹን ከወሰዱ 19 ይቀራል። በቀረው ላይ ሦስት ረጃጅም ጭረቶች ካሉበት ደግሞ አሥር መድረሱም ያጠራጥራል። የተረፈው ቁራጭ ለቁልፍ መያዣ ወይም ለስልክ ማቀፊያ ካልዋለ የቀበቶው ዋጋ ሙሉውን ቆዳ ይሸከማል።

የመንግሥት ፖሊሲ ዓላማ ቆዳው አገር ውስጥ እንዲቀርና ተሠርቶ እንዲወጣ ማድረግ ነበር። በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ቀረጥ የተጣለው፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ክረስት በሚባለው ላይ የተደገመው ለዚሁ ነው። በመርሕ ደረጃ ይህ ለቀበቶ ሠሪው ርካሽ ጥሬ ዕቃ ማለት ነበር። ባለፉት ዓመታት በበዓል ማግስት የበግ ቆዳ ገዢ አጥቶ ሜዳ ላይ ሲጣል መታየቱም የጥሬው ዋጋ ምን ያህል እንደወረደ ያሳያል። ይሁን እንጂ የጥሬ ቆዳ መርከስ የቀበቶ መርከስ አይደለም። ክሮሙ፣ ቀለሙ፣ ማስቲሹ፣ ክሩና ዘለበቱ በውጭ ምንዛሪ ይገባሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ተሠርቶ የሚገባው ቀበቶ ዋጋ ናረ፤ ተሠርቶ የሚወጣው ቀበቶ ግብዓትም አብሮ ናረ።

የዕፅዋት ቅርፊቱ ጉዳይ ለብቻው መታየት የሚገባው ነው። ለማልፊያ በዓለም ገበያ በስፋት የሚሸጠው ሚሞሳ የሚባለው ውህድ የሚገኘው ከአውስትራሊያ ከመጣ የግራር ዝርያ ቅርፊት ሲሆን፣ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ዋነኛዋ አምራች ናት። የዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ዲከረንስን የአዊ ዞን ገበሬዎች፣ በተለይም የፋግታ ለኮማዎቹ፣ ለከሰል በሰፊው ይተክሉታል። የዲከረንስ ቅርፊትም ማልፊያውን ንጥረ ነገር ይዟል። ቀለሙና መጠኑ ከሚሞሳው ጋር ይወዳደር አይወዳደር በላቦራቶሪ መታየት ያለበት ቢሆንም፣ አነስተኛ ካፒታል ይዞ ዘርፉን ለሚያጠና ባለሀብት ከማሽን ግዢ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ጥሩው ቀበቶ ለምን ከገበያ ይወጣል?

ዋናው እንቅፋት ግን ቆዳም ምንዛሪም ላይሆን ይችላል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር አስረድቷል። ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢ የማያውቀው ከሆነ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣል። አሜሪካኖች ብልሽቱ የተደበቀ መኪናን «ሎሚ» ስለሚሉት ጥናቱ በዚሁ ስም ይታወቃል፤ በጥምቀት ሎሚ ለሚወረወርባት አገር ስድብ ባይመስልም። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ኢኮኖሚስቶች አንዱ ነበር።

በቀበቶ ቢሰላ እንዲህ ይሆናል። ጥሩው ቀበቶ ለሠሪው 1,500 ብር ያስወጣዋል፣ ለገዢው 2,000 ብር ያወጣል እንበል። ቦንድዱ ለገዢው 500 ብር ብቻ ያወጣል። ሁለቱ በመልክ የማይለዩና በገበያው እኩል የሚገኙ ከሆነ አስተዋይ ገዢ ለማናቸውም የሚከፍለው የሁለቱን አማካይ 1,250 ብር ነው። በዚህ ዋጋ ጥሩው ሠሪ 250 ብር ስለሚከስር ሥራውን ይተወዋል ወይም እሱም ቦንድድ ያመጣል። የሚቀረው መጥፎው ብቻ ነው፤ ገዢም ይህን ሲያውቅ ከ500 በላይ አይከፍልም። 2,000 ብር ለመክፈል ዝግጁ የሆነ ገዢና በ1,500 ብር ሊሠራ የሚችል ሠሪ በአንድ ከተማ እያሉ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ሕጉ በዚህ ረገድ የሚሰጠው እገዛ ውሱን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣው መመሪያ «ቦንድድ ሌዘር» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ውስጥ ያለው የቆዳ ጭረት በመቶኛ እንዲገለጽ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው በሚሸጠው ዕቃ ላይ ስለ ዕቃው መረጃ የያዘ መግለጫ እንዲኖር ያዛል። አስፋልት ዳር የተዘረጋ ቀበቶ ላይ ግን እንኳን መግለጫ የሻጭ አድራሻም የለም። ጉምሩክም ቢሆን አይለየውም። ዓለም አቀፉ የታሪፍ መደብ የቆዳ ልብስና የልብስ ማሟያን በአንቀጽ 42.03 ሲመድብ እውነተኛውን ቆዳና ከጭረት የተጋገረውን በአንድ ያስቀምጣቸዋል፤ ንዑስ ቁጥር 4203.30 ደግሞ ቀበቶንና ዝናርን አንድ ላይ ይዟል። ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ የሆነው በ3926.20 ሥር ይመደባል። በዲክላራሲዮኑ ላይ «የቆዳ ቀበቶ» ተብሎ የተጻፈ ዕቃ የትኛው ቆዳ እንደሆነ ከወረቀቱ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ጥሩ ሠሪ ራሱን የሚለይበትን ምልክት ራሱ መፍጠር አለበት። ከሁሉም ርካሹ ጠርዙን ሳይቀቡ መተው ነው። እውነተኛው ቆዳ በጠርዙ ቢታይ አያፍርም፤ ቦንድድ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ይህን ሊመስል ቢሞክር ራሱን ያጋልጣል። የሁለት ዓመት የመቀየር ዋስትናም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ለጥሩው ሠሪ ወጪው ጥቂት ሲሆን፣ ለመጥፎው ኪሳራ ነው። ሳልባጅ ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኘው አሮጌ ወፍራም ቀበቶ ከአዲስ ቀበቶ ባላነሰ ዋጋ ገዢ የሚያገኘውም ስለዚህ ነው፤ ዕድሜው ራሱ ፈተናውን እንዳለፈ ይመሰክርለታል።

ሒሳብ ለሚያውቅ ገዢ

ውዱ ሁልጊዜ ያዋጣል የሚለውም በጭፍን የሚወሰድ አይደለም። ስምንት ወር የሚያገለግል የ500 ብር ቀበቶ በወር 62 ብር ከ50 ሳንቲም ያስወጣል። የ2,000 ብሩ ስድስት ዓመት ካገለገለ በወር 28 ብር ገደማ ነው። ነገር ግን ነጋዴ በቅድሚያ የሚከፍለው የ1,500 ብር ልዩነት ሥራ ላይ ቢውል በዓመት 20 በመቶ ያመጣልኛል ብሎ ካሰበ፣ በዓመት 300 ወይም በወር 25 ብር ያጣል። ድምሩ 53 ብር ገደማ ሲሆን፣ አሁንም ውዱ ይሻላል። ያው ቀበቶ ሦስት ዓመት ብቻ ካገለገለ ግን ወጪው በወር ወደ 81 ብር ስለሚያሻቅብ ርካሹን እየለዋወጡ መግዛት ያዋጣል። ማመዛዘኛው አራት ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ነው። የዋጋ ንረቱ ሲታከልበት ማመዛዘኛው ወደ ታች ይወርዳል፤ በየስምንት ወሩ የሚገዛው ርካሽ ቀበቶ በ500 ብር አይቆይምና።

ይህ ስሌት በተለይ የሚመለከተው በጅምላ የሚገዙትን ነው፤ የጥበቃ ድርጅቶች፣ ሆቴሎች፣ የግንባታ ተቋራጮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ቀበቶ የሚገዙት በጨረታ ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ «ጥቁር የቆዳ ቀበቶ፣ ጥራቱን የጠበቀ» ተብሎ ከተጻፈና ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ከተመረጠ፣ ከላይ የተሰላው የሎሚ ገበያ በማኅተም ጸደቀ ማለት ነው። «ስፋት 3.8 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረት ከ4 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ያልተሰነጠቀ የላይኛው ክፍል ቆዳ፣ ዘለበት ነሐስ ወይም ብረት፣ በብሎን የሚፈታ» የሚል መስመር ግን ሚሊ ሜትር በሚለካ ካሊፐርና በአንድ ካቻቢቴ ሊረጋገጥ ይችላል። ተጫራቾች ናሙና ሲያቀርቡም ሁለት ሁለት እንዲያቀርቡ ማድረግ ይገባል፤ አንዱ በካዝና ተቆልፎ ርክክብ ላይ ለማመሳከሪያ የሚቀመጥ፣ ሌላው በኮሚቴው ፊት በመቀስ ለሁለት የሚቆረጥ።